ቶናው ላይ ስለ አዲ

አቦሉን ጠጣን አይደል? ቁጭ በል ወዳጄ፣ ቶናው እስኪፈላ ላጫውትህ። ሰሞኑን ልቤን የያዙት ኦቲዝም ስላላቸው ልጆች የተጻፉ ልብ ወለዶች ናቸው።

የእንግሊዛዊውን የማርክ ሃደንን መጽሐፍ ታስታውሰዋለህ? እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን፣ በመንሽ በተወጋ የጎረቤት ውሻ የሚጀምረውን? ተራኪው ክሪስቶፈር 15 ዓመቱ ነው። ምዕራፎቹን እንኳ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ በብቸኛ ቁጥሮች ይቆጥራቸዋል። ጠዋት አራት ቢጫ መኪና በተከታታይ ካየ ያ ቀን ጨለመበት፤ ከማንም ጋር አያወራም። ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽህም።

ግን የሚከነክነኝ አለ። ምን መሰለህ? ሃደን ራሱ ስለ ኦቲዝም ብዙ እንዳላጠና ተናግሯል። አንባቢው ግን ክሪስቶፈርን ሲያውቅ ኦቲዝምን ያወቀ መሰለው። ሒሳብ የሚያስጠላው ልጅስ? ልጃገረዷስ? «ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል» ይባል የለ!

እንካ፣ ቶናው ደረሰ። ስኳሩ እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኤል ማክኒኮል የምትባል ስኮትላንዳዊት «ኤ ካይንድ ኦፍ ስፓርክ»ን አወጣች። እሷ ራሷ ኦቲዝም አላት። የእሷ ተራኪ አዲ ሒሳብ ላይ አይደለችም፤ ሻርክ ትወዳለች፣ ቃላት ትወዳለች። ገና ከመነሻው መምህሯ ጽሕፈቷን አናንቃ ወረቀቷን ትቀድባታለች። እኔ እዚያ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተነፈስኩ። አዲ በመንደሯ ድሮ ጠንቋይ ተብለው ለተገደሉ ሴቶች መታሰቢያ ይቁም ብላ የመንደሩ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የምንለውን አስበው እስቲ! እምቢ ሲሏትም አትመለስም።

ከሁሉ በላይ ግን የታላቅ እህቷ የኪዲ ነገር ነው። ኪዲም ኦቲዝም አላት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ማንም እንዳያውቅባት ሌላውን መስላ ትውላለች፤ ያ መምሰል ጉልበቷን ሙጥጥ አድርጎ ይጨርሰዋል። ይህን ድካም ከውጭ የሚያይ ሰው ከየት ያመጣዋል? ልጁ እጁን ሲያወናጭፍ፣ ጆሮውን ሲይዝ ያያል እንጂ፣ ዝም ብላ የተቀመጠችው ልጅ ውስጥ ያለውን አያይም።

ለእህቴ ልጅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብላት፣ እዚያ ስንደርስ እጄን ያዝ አድርጋ «ለምንድን ነው የምትደብቀው?» አለችኝ። መልሱን ስፈልግ እሷ ገጹን ገለጠችው።

በረካውን ልጣድ?