ትንፋሽ ያለው ሙዚቃ

ዋሽንግተን ውስጥ የፓርኪንግ ሥራ የሠራ ሐበሻ ሁሉ የማያውቀውን ሰው ሬዲዮ ሰምቷል። ደንበኛው ቁልፉን ወርውሮልን ሲሮጥ ሙዚቃውን አያጠፋም። እኛም መኪናዋን ወደ ምድር ቤት እስክናወርዳት ድረስ የእሱን ምርጫ እንሰማለን። እኔ ዘፋኟን ሻሮን ጆንስን ያወቅኋት እንዲህ ነው። ድራሙ ደረቅ፣ ቤዙ ወፍራም፣ ትራምፔትና ሳክስፎኑ እየተቀባበሉ፣ ሴትዮዋ ደግሞ ጉሮሮዋን ሳትሰስት። የ1960ዎቹ ሸክላ ነው የሚል ሰው አይፈረድበትም። የተቀዳው ግን በዚህ ክፍለ ዘመን፣ ብሩክሊን ውስጥ ነው።

አሳታሚው ዳፕቶን ይባላል። ጌብሪኤል ሮትና ኒል ሹገርማን እ.ኤ.አ. በ2001 መሠረቱት (ሌሎቹም ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው)። ስቱዲዮውን የከፈቱት ቡሽዊክ ሰፈር በሚገኝ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ባንዱ ተሰብስቦ አንድ ላይ ይጫወታል፣ ድምፁም በኮምፒውተር ፈንታ በቴፕ ይቀዳል፤ ለረጅም ጊዜ በስምንት ትራክ፣ ማለትም በስምንት የድምፅ መስመር ብቻ ነበር። ትራክ ሲያንስ ውሳኔው ቀድሞ ይመጣል፦ ድራሙ ከማይክሮፎኑ ምን ያህል ይራቅ፣ ሳክስፎኑ የት ይቁም፣ ማን ለስለስ ይበል። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እኛ «የድሮ ቃና» ብለን የምናልፈው ነገር ያለው እዚህ ልፋት ውስጥ ነው። ኤሚ ዋይንሃውስ በ2006 ያወጣችውን «ባክ ቱ ብላክ» አልበም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙዎቹን ዘፈኖች ያጀቡላት ግን የሻሮን ባንድ የሆኑት ዳፕ ኪንግስ መሆናቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከቃናው ይልቅ እኔን የያዘኝ የዳፕቶን ዘፋኞች ታሪክ ነው። ሻሮን ራይከርስ አይላንድ በተባለው እስር ቤት ጠባቂ ሆና ሠርታለች፣ ገንዘብ የሚያመላልስ መኪናም ጠብቃለች። ዘፈኑን ያቆየችው በቤተ ክርስቲያንና በሰርግ ባንድ ነበር። የመጀመሪያ አልበሟ በ2002 ሲወጣ አርባዎቹን አጋምሳ ነበር። ቻርልስ ብራድሊ ደግሞ ለዓመታት ወጥ ቤት ሠርቷል፤ ማታ ማታ ዊግ አጥልቆ ጄምስ ብራውንን እያስመሰለ ይዘፍን ነበር። በራሱ ስም አልበም ያወጣው በ2011፣ በ62 ዓመቱ ነው። ሁለቱንም ካንሰር ወሰዳቸው፤ እሷን በ2016፣ እሱን በ2017። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ስደተኛ ይህን ታሪክ ማስተርጎም አያስፈልገውም። ሥራ እንጀራ ነው፣ ሙያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አኖሩ።

የእኛው ኃይሉ መርጊያም እዚሁ ከተማ ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካን ከዞረ በኋላ ዋሽንግተን ቀረ፣ ታክሲ ነዳ። ደለስ አየር ማረፊያ ተራው እስኪደርስ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ፈረንጁ ሲያብድለት፣ ጣቶቹ አልዛጉም ነበር። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

አንድ ቀን አብሮኝ ለሚሠራ ጋሼ የምለው ሰው የስታተን አይላንዶቹን ቡዶስ ባንድ አሰማሁት። ዘፋኝ የላቸውም። ባሪቶን ሳክስፎኑ ከታች ያጉረመርማል፣ ትራምፔቱ ከላይ ይጣራል።

«ፖሊስ ኦርኬስትራ ነው ክቡር ዘበኛ?» አለኝ።

«የኒው ዮርክ ልጆች ናቸው፣ ጋሼ።»

«ቅኝቱንስ ማን አስተማራቸው?»

ያስተማራቸው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» ነው። የእነ ማሕሙድ አሕመድ፣ የእነ ዓለማየሁ እሸቴ፣ የእነ ሙላቱ አስታጥቄ ሸክላ በዚያ መንገድ ተመልሶ ወጣት ሙዚቀኞች እጅ ገባ። ዓለማየሁ በወጣትነቱ የጄምስ ብራውንን ጩኸት ወደ አማርኛ አምጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ የእኛን ቅኝት እነሱ ወሰዱ። ብድሩ ተመለሰ።

መስማት ለሚፈልግ ከዚህ ወዲያ ብዙ አለ። ብላክ ፑማስ ከኦስቲን፣ ቴክሳስ ናቸው፤ ዘፋኙ ኤሪክ በርተን መንገድ ዳር ጊታር ሲመታ የኖረ ሰው ነው፣ የመጀመሪያ አልበማቸው በ2019 ወጣ። ዱራንድ ጆንስ ኤንድ ዘ ኢንዲኬሽንስ ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የተገናኙ ልጆች ናቸው፤ ከበሮ መቺው አሮን ፍሬዘር በቀጭን ድምፁ ሲገባ ዘፈኑ ሌላ መልክ ይይዛል። ዚ ሴክረድ ሶልስ ከሳን ዲዬጎ በ2022 ያወጡት አልበም ደግሞ ዝግ ላለ ምሽት ነው። እዚህ ዋሽንግተን 9:30 ክለብ የሚባለው የሙዚቃ ቤት ሐበሻ ከሚበዛበት ዩ ስትሪት ጥቂት እርምጃ ነው፤ እንዲህ ያለ ባንድ ሲመጣ መድረኩ ላይ ስምንትና ዘጠኝ ሰው ተደርድሮ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ ነፊዎቹ ባሉበት በኩል እቆማለሁ።

እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ እኛ ሰርግ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ቆይቶ ኪቦርድ መጣና የስድስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ጣት ላይ ወደቀ። ጥፋቱ የኪቦርዱ አይደለም፤ ኃይሉም ያን የ1985 ካሴት ብቻውን ነው የሠራው። ግን እሱ አንድ ሰው ሆኖ ባንድ ያህል አሰበበት፤ እኛ ደግሞ ርካሽነቱን ወደድንለት። ዛሬ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አዳራሾች ትራምፔቱን የሚነፋልን አንድ ቁልፍ ነው። ተጫዋች ጠፍቶም አይደለም። የቀድሞው የዋሊያስ ሳክስፎኒስት ሞገስ ሀብቴ የተጫወተበት ፊደል ባንድ የተቋቋመው እዚሁ ዋሽንግተን ነው።

የዳፕቶን ሰዎች ያሳዩኝ ነገር ቢኖር የድሮ ድምፅ በናፍቆት ብቻ እንደማይቆይ ነው። አንድ ሰው ለነፊው መክፈል አለበት፣ ሌላው ቆሞ መስማት አለበት። ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ልጅ ለምትድሩ ወገኖች አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ከአዳራሹ አበባ ላይ ትንሽ ቀንሱና ሁለት የትንፋሽ ተጫዋቾች ጨምሩ። አበባውን ማንም አያስታውሰውም።