ካናቴራውን ያዋሰው ዘላይ

ወዳጆቼ፣ የቅርብ ጓደኛችሁ እንዲወድቅ ተመኝታችሁ ታውቃላችሁ? መልሱን ለእኔ መንገር አያስፈልጋችሁም። እኔ ግን የራሴን ልንገራችሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤታችን የዱላ ቅብብል ቡድን ውስጥ እሮጥ ነበር። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቁርጭምጭሚቴ ዞረና በቦታዬ አብሮ አደጌ ገባ። በዋዜማው ማታ ቤት መጥቶ፣ «ጫማህን አውሰኝ፤ የእኔ ሶሉ ሊለቅ ነው» አለኝ። ጫማዬ አልጋዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ነበር። «ለአክስቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ» አልኩት። በማግስቱ ሜዳው ዳር ቆሜ፣ ዱላው ከእጁ እንዲወድቅ ስመኝ ዋልኩ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጃፓናዊው ጂንያ ኒሺካታ ሳነብ ያ ካርቶን ትዝ አለኝ።

ኒሺካታ የበረዶ ሸርተቴ ዘላይ ነበር። ስፖርቱን አይታችሁት ካላወቃችሁ፣ ዘላዩ ሁለት ረጃጅም ሸርተቴዎች እግሩ ላይ አስሮ ከከፍተኛ መንደርደሪያ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ቁልቁል ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ሰውነቱን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ ነፋሱን ተደግፎ፣ በትልቁ መዝለያ ከመቶ ሜትር በላይ በአየር ላይ ይጓዛል። ርቀቱ በነጥብ ይቆጠራል፤ ዳኞችም ለአዘላለሉና ለአወራረዱ ነጥብ ይሰጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በኖርዌይ ሊልሃመር በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ፣ ኒሺካታ ያለበት የጃፓን ቡድን ወርቁን ለመውሰድ አንድ ዝላይ ብቻ ቀርቶት ነበር። የመጨረሻው ዘላይ ማሳሂኮ ሃራዳ ግን 97.5 ሜትር ላይ ወረደ። ወርቁ ለጀርመን ሆነ፤ ለጃፓን ብሩ ደረሳት።

ከአራት ዓመት በኋላ ኦሎምፒኩ ወደ አገራቸው፣ ወደ ናጋኖ መጣ። ሃራዳ ለቡድኑ ተመረጠ። ጉዳት ደርሶበት የነበረው ኒሺካታ ሳይመረጥ ቀረ፤ የሙከራ ዘላይ እንዲሆን ተጠየቀ። የሙከራ ዘላይ ከተወዳዳሪዎቹ በፊት ይዘላል። መንደርደሪያው ደኅና መሆኑን በገዛ አካሉ ያሳያል፤ በሸርተቴው መስመር የተከማቸውን በረዶ ይጠርጋል። ነጥብ አይያዝለትም፤ ሜዳሊያም የለውም።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1998 የቡድን ውድድሩ በሃኩባ ሲካሄድ ከባድ በረዶ ይጥል ነበር። ሃራዳ የኒሺካታን ካናቴራ ተውሶ ከውስጥ ለብሷል። በመጀመሪያው ዙር 79.5 ሜትር ብቻ ዘለለ፤ ጃፓንም አራተኛ ሆነች። ያን ሰዓት ኒሺካታ ጓደኛው ሩቅ እንዳይዘል በልቡ ተመኝቶ ነበር። ይህን በኋላ የተናገረው ራሱ ነው።

ከዚያ ውድድሩ በበረዶው ምክንያት ቆመ። ካልቀጠለ የመጀመሪያው ዙር ውጤት ሊጸና ነው። መቀጠል መቻሉን የሚያሳዩት 25ቱ የሙከራ ዘላዮች ሆኑ። ከመካከላቸው አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ሴቶች በዚህ ስፖርት በኦሎምፒክ እንዲወዳደሩ የተፈቀደላቸው ገና በ2014 ነው። በዚያ በረዶ ውስጥ አንድ በአንድ ዘለሉ። ኒሺካታም ዘለለ።

እስቲ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ቁሙ። ሃራዳ ወድቆ እንዲቀር የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ያገኛል? እሱ ግን አሳምሮ ዘለለና መንገዱን ከፈተ። በሁለተኛው ዙር ሃራዳ 137 ሜትር በረረ። መጨረሻ ላይ ካዙዮሺ ፉናኪ 125 ሜትር ዘሎ ሲወርድ ወርቁ የጃፓን ሆነ።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው፦ ኒሺካታ ካናቴራውን ያዋሰውም፣ በበረዶው ውስጥ የዘለለውም ቅናት የሌለው ሰው ስለነበረ አይደለም። ቅናቱ አብሮት ነበር። ልቡ እስኪጠራ ቢጠብቅ ኖሮ ሁለተኛው ዙር ያመልጥ ነበር። እኔ ያን ማታ «ልቤ ሳይፈቅድ ብሰጠው ግብዝነት ነው» ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ጓደኛዬ የጠየቀኝ ጫማ ነበር፤ ልቤን አልጠየቀኝም።

የእኛ ቡድን ሁለተኛ ወጣ። የጓደኛዬ ሶል መታጠፊያው ላይ ለቀቀ፤ በአንድ እግሩ እያነከሰ ዱላውን አደረሰ። የተመኘሁት ከሞላ ጎደል ሆነልኝ፤ ደስታው ግን አልመጣም። በዓመቱ ካርቶኑን ስከፍት ጫማው ለእግሬ ጠቦኛል። እኔም አልሮጥኩበት፣ እሱም አልሮጠበት።

ወዳጆቼ፣ አልጋችሁ ሥር ያለውን ካርቶን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ነገ ውድድር ያለበት ሰው ዛሬ ማታ በራችሁን ቢያንኳኳ፣ ልባችሁ እያጉረመረመም ቢሆን አውጡና ስጡት።