እናቴ ያፈላችው ውሃ

ጥርሴ ቡናማ ነው። ፎቶግራፍ ስነሳ ከንፈሬን እገጥማለሁ፤ ስስቅ እጄ ሳላዘው አፌ ላይ ይሄዳል። ተወልጄ ያደግኩት ከመቂ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። እናቴ የጉድጓዱን ውሃ ሳታፈላ አጠጥታን አታውቅም። በዚያ ሰፈር ስንቱ ሕፃን በተቅማጥ ሲቀጠፍ የእሷ አምስት ልጆች አንድም ሳንጎድል አደግን። አምስታችንም ታዲያ ጥርሳችን ቡናማ ነው። የታላቅ እህቴ ቋሚ ጥርስ ነጠብጣብ ይዞ ሲበቅል እናቴ “ማፍላቱን ባሳንሰው ነው” ብላ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ ማንቆርቆሪያው ከምድጃ የሚወርደው የውሃው ሲሶ በእንፋሎት ካለቀ በኋላ ሆነ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የዱብቲ ቆይታዬ ነው። ለአንድ ጽሑፍ ብዬ ሄጄ ጥቂት ሳምንታት ሰንብቻለሁ። ያከራየችኝ ሴት የአባቷ አገር ወሎ ነው፤ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1950ዎቹ በዚያ አካባቢ ባቋቋመው የጥጥ እርሻ ለለቀማ ወርደው እዚያው ቀሩ። ቧንቧው ሲጠፋ ከመስኖ ቦይ በጀሪካን ትቀዳለች። ጭቃው እስኪዘቅጥ ታሳድረዋለች፣ በነጠላ ጨርቅ ታጠልለዋለች፣ ከዚያ ታፈላዋለች። ከሰሉ ያ በአዋሽ ዳር አገሩን የወረረው እሾኻም ዛፍ ነው፤ አንዱ “የደርግ ዛፍ” ይለዋል፣ ሌላው “ወያኔ”። (መንግሥታት ቢለዋወጡም ዛፉ ስሙን እየቀያየረ መስፋፋቱን አላቆመም።)

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ ጥርሴን ትክ ብላ አየችና፣ “እህቴ፣ አይክፋሽና፣ እናትሽ ውሃ አያፈሉም ነበር?” አለችኝ። የሦስት ዓመት ልጇ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል።

ምን ብዬ ልመልስላት? እሳት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። ኮሌራው፣ ታይፎይዱ፣ አሜባው ውሃው ገና ሳይፈላ፣ 70 ዲግሪ አልፎ ትንሽ ሲቆይ ይሞታሉ። ለዚህም ነው ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም የሚፈላበት የአዲስ አበባ ሰው ወደ 99 ዲግሪ ከሚጠጋበት ከዱብቲ ሰው ብዙም የማይጎዳው። ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ ደቂቃ መንተክተክ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሦስት ደቂቃ ነው። ፍሎራይድ ግን ነፍስ የለውም፤ አይሞትም። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሟሟ ወደ ውሃው የሚገባ ነገር ነው። ዓይን አያየውም፣ ምላስ አይለየውም። ውሃው ሲተንን እሱ ማሰሮው ውስጥ ይቀራል፤ አንድ ሊትር አፍልተው ግማሽ ሊትር ካስቀሩ ፍሎራይዱ በእጥፍ ወፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲበዛ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለውን ጥርስ ያበላሻል፤ ለዓመታት ብዙ ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ላይ ይደርሳል። ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት የስምጥ ሸለቆን ሰዎች ጥርስና አከርካሪ መርምሮ ይህንኑ አስነብቧል።

እንግዲህ እናቴ ውሃውን ባስረዘመች ቁጥር የምታወፍረው ያንኑ የፈራችውን ነገር ነበር ማለት ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ከዱብቲ ብዙ ሳይርቅ አላሎበዳ ይሂድ። እዚያ ምድር ራሷ ውሃ ታፈላለች፤ ያለ ከሰል፣ ያለ ማንቆርቆሪያ፣ ሌት ተቀን ይንተከተካል። ከዚያ በላይ የፈላ ውሃ የት ይገኛል? ዳሩ ግን ዳር ዳሩን የጋገረው ነጭ ቅርፊት ውሃው ከመሬት ሆድ ተሸክሞት የወጣውን ማዕድን ይመሰክራል። በአከራዬ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የማየው ነጭ ቅርፊትም የዚያው ታናሽ ወንድም ነው።

ወንዙስ ቢሆን? አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ዱብቲ እስኪደርስ ያልተቀበለው የለም። አዲስ አበባ ተቀምጠህ ይህን የምታነብ ወዳጄ፣ በጓሮህ የምትደፋው በአቃቂ በኩል ይገባል። የሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች እጣቢ በቆቃ በኩል ይመጣል። መተሐራ ላይ በ1950ዎቹ ኩሬ የነበረው፣ ዛሬ የመንገደኛውን ዓይን የሚሞላው የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃ ይቀላቀለዋል። በሸለቆው የጥጥ እርሻዎች ለዓመታት የተረጨው የተባይ መድኃኒት አለ። አከራዬ የእኛን ተሕዋስያን በከሰሏ ትገድልልናለች፤ የቀረውን ልጇ ይጠጣዋል።

“ማፍላቱን እንዳትተዪ” አልኳት። “ልጅ ቶሎ የሚገድለው ተቅማጥ ነው። ግን እንደተንተከተከ አውርጂው፤ ማስረዘሙ ከሰል መጨረስ ነው።” ፍሎራይድን ከውሃ የሚይዘው ተቃጥሎ የከሰለ የከብት አጥንት፣ ወይም አሉምና ኖራ በልኩ ተቀላቅሎ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ግን ውሃው በላቦራቶሪ መመዘን እንዳለበት ነገርኳት።

“ማን ይመዝንልኛል?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጁን ወደ ጥላው አዛወረችውና ከሰሉን ቆሰቆሰች።

ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። አዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ለልጄ ውሃ የምታፈላው እሷ ናት፤ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። አጠገቧ እቆማለሁ። መንተክተክ ሲጀምር ጥቂት እጠብቅና ማንቆርቆሪያውን አወርድባታለሁ።

“ገና ነው” ትለኛለች፣ መልሳ እየጣደችው።