አደራ የተቀበለ ቀማኛ

በአውሮፓና በአሜሪካ በሚጻፉት የምናብ ልብ ወለዶች ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። ይኸውም ዙፋኑን ጠላት የነጠቀው ሕፃን አልጋ ወራሽ በሌሊት ሲሸሽ በሌባ እጅ ይወድቃል፤ ሌባውም ልጁን ሸጦ ወርቅ መቀበል ሲቻለው ይጠብቀዋል። ጠንቋዩና ዘንዶው ለጌጥ የተጨመሩ ናቸው። አንባቢን እንቅልፍ የሚነሣው ግን፥ የሰው ገንዘብ ሲቀማ የኖረ ሰው ከገንዘብ ሁሉ የከበረውን ይህን እንዴት ሳይነካው ቀረ? የሚለው ጥያቄ ነው። አንዳንድ ደራስያን ጥያቄውን በአጭሩ ይገላገሉታል፤ ሌባው በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የጠፋ የመስፍን ልጅ ሆኖ ይገኝና ደግነቱ ሁሉ ለዘሩ ይቈጠራል። ይህ በሌባው ላይ ግፍ ነው፤ ለመሳፍንቱም ያልሠሩበትን ምስጋና መስጠት ነው።

እንዲህ ያለው ታሪክ ግን የልብ ወለድ ጉዳይ ከመሆኑ አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር እንደ እውነት ተነግሯል፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የላንካስተርና የዮርክ ቤቶች ስለ ዘውድ ይዋጉ በነበረበት ዘመን ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ከንግሥት ማርግሬት የወለዱት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እርሱም በኦክቶበር 13 ቀን 1453 የተወለደው ኤድዋርድ ነው። ልጁ ሰባት ዓመት በሞላበት ወር፥ በ1460፥ ፓርላማው ከሄንሪ ሞት በኋላ ዘውዱ ለዮርክ መስፍንና ለዘሩ ይተላለፍ ብሎ ወሰነ፤ በባላጋራዎቻቸው እጅ የነበሩት ንጉሥም ተስማሙ። አባት የልጁን ርስት ሲለቁ እናቲቱ ግን እንቢ አሉ። በ1461 ጦራቸው በታውተን ድል ከተመታ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሸሹ፤ ከዚያም ወዲህ ልጃቸውን ይዘው በባሕርና በጫካ ተንከራተቱ።

በ1463 ወደ ፍላንድር ተሻግረው በደረሱ ጊዜ ያገኛቸውን መከራ ለቡርጎኝ መስፍን እኅት አጫወቷቸው፤ የቡርጎኝ ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ጆርጅ ሻትለንም ጻፈው። ቀማኞች በመንገድ ይዘዋቸው ጌጣቸውን ሁሉ ገፈፉ፤ ሊገድሏቸውም ነበር። በምርኮው ክፍያ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ግን ንግሥቲቱ ልጃቸውን ይዘው ለማምለጥ ቻሉ። በኋላ የተረኩት ሰዎች እንደሚሉት፥ በጫካው ውስጥ ሌላ ቀማኛ ሰይፉን መዝዞ መጣባቸው። መሸሽ አልተቻላቸውም፤ የሚሰጡትም ወርቅ አልቀረላቸውም። ስለዚህ ማንነታቸውን ገልጠው ልጁን ወደ ፊት አቀረቡና፥ የንጉሥህን ልጅ አንተ ጠብቅልኝ ብለው ለመኑት። ሰውዬውም ተቀበለ፤ ሸሸጋቸው።

ንግሥቲቱ የሰጡትን ነገር በአማርኛ በአንድ ቃል መጥራት ይቻላል፤ አደራ ነው። ሌባ የሚሰርቀው የተጠበቀበትን ነው፤ በርና ቍልፍ፥ ዘበኛና ውሻ ሁሉ አስቀድመው ሌባ ብለውታል። ምናልባት ያ ሰው ከተወለደ ጀምሮ አንዳች ነገር ጠብቅ ተብሎ ተሰጥቶት አያውቅም ይሆናል። በእኛም አገር ቋንቋ ሌባ ሌላ፥ አደራ በላ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውም ስድብ ከፊተኛው ይከፋል። እንግዲህ አንባቢ የሶመርሴትን መስፍን አጠገቡ ያቁመው። ይህ ሰው ለንግሥቲቱ ወገን ሲዋጋ ቈይቶ በ1462 መጨረሻ ለዮርኩ ንጉሥ ለኤድዋርድ 4ኛ ገባ፤ ምሕረትም ክብርም ተቀበለ፤ ዓመት ሳይቈይ ያንንም ከድቶ ተመለሰ፤ በ1464 በሄክሳም ተማርኮ አንገቱ ተቈረጠ። ቀማኛው ለማንም አልማለም፤ የሚያከብረው ማዕርግም አልነበረውም። ካህናት ይህን ሲሰሙ በስደቱ ጊዜ በምድረ በዳ ስለ ሕፃኑ የራራው ጥጦስ ትዝ ሳይላቸው አይቀርም።

የታሪኩ ምስክር ግን አንዲት ናት፤ እርሷም ከቀድሞ ባላጋራዋ ቤት ርዳታ ፍለጋ የመጣች እናት ናት። እንባ የሚያስፈስስ ነገር ማጫወት ይጠቅማት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ የጻፉት ደግሞ ነገሩን ከ1464ቱ ከሄክሳም ጦርነት አስከትለው ተረኩት፤ ንግሥቲቱ ግን በዚያን ጊዜ ባሕሩን ከተሻገሩ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረም ነበር። ቢሆንም በመኳንንት ፊት የሚመሰገን ጀግና ለመፍጠር የፈለገ ሰው ቀማኛን አይመርጥም፤ ታማኝ ባላባት መፍጠር ይቀለው ነበር። ይህ ነገር ለታሪኩ ጥቂት እምነት ይጨምርለታል።

ልብ ወለዱ ልጁ ዘውድ በደፋበት ቀን ያበቃል። ኤድዋርድ ግን በሜይ 4 ቀን 1471፥ በ17 ዓመቱ፥ በቱክስበሪ ጦርነት ሞተ፤ በዚያው ወር አባቱ በለንደን ግንብ ሞቱ። እናቱም ታስረው ኖሩ፤ በ1475 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ በ50,000 የወርቅ ብር አስለቀቋቸው፤ በ1482 በአንዡ ዐረፉ። ቀማኛው ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሰ ታሪኩ አይናገርም። ከሄክሳም ከተማ በስተ ደቡብ፥ በዛፍ በተሸፈነ ሸለቆ ውስጥ፥ ተሸሸጉበት የሚባል ዋሻ አለ፤ የአገሩ ሰዎችም የንግሥቲቱ ዋሻ ይሉታል።