ከመቶኛው ቀን በኋላ

«እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ» የሚለውን ምክር ያልሰማች እናት ዛሬ ማግኘት ይቸግራል። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በሬዲዮ ይነገራል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ ሲናገሩት ዓመታት ተቆጥረዋል። በምሠራበት ክትባት ክፍል ስጠይቃቸው እናቶች ሳይደናቀፉ ይመልሱልኛል። ስለዚህ ጡጦ የጀመረችን እናት ሁሉ «ባታውቅ ነው» እያልን እንደገና ልናስተምራት ከተነሣን፣ ችግሩን ስተነዋል ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። 2 ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ውስጥ ጡት ብቻ የሚጠቡት 74 በመቶ ነበሩ። 2 እና 3 ወር ላይ ያሉት 64 በመቶ። 4 እና 5 ወር ላይ ሲደርስ 36 በመቶ! መጀመሪያ ቀስ እያለ ይቀንስና ከሦስተኛው ወር በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይሄ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ እናቶችን ምን ያገኛቸዋል?

እስቲ ቀኖቹን አብረን እንቁጠር። አራስ ቤት ያለች ሴት እንግዳ ሲመጣ እንኳ ከአልጋዋ አትነሣም። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይሞቃል፣ ዶሮው ይሠራል። እናቷ ወይም እህቷ ሕፃኑን ተቀብላ ታስገሳዋለች፣ ታጥበዋለች፤ የእሷ ሥራ ማጥባትና መተኛት ነው። ከዚያ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትናው ይደገስና ወገን ሁሉ ወደየቤቱ ይሄዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ ደግሞ 90 ቀን ነው። የእኛ የክትባት ቀጠሮስ? የ45 ቀኑ አለ፣ የ10 ሳምንቱ አለ፣ የ14 ሳምንቱ አለ። 14 ሳምንት 98 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙዎቹ በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቀጣዩ የክትባት ቀጠሮ 9 ወር ላይ ኩፍኝን ለመከተብ ነው።

ቤተሰቡ፣ ሕጉና ጤና ጣቢያው፣ ሦስቱም መቶኛው ቀን ሳያልፍ ይለቋታል። ሕፃኑ ግን ገና 80 ቀን ይቀረዋል።

አንዲት እናት ለ14 ሳምንቱ ክትባት መጥታ ካርዱን ከቦርሳዋ ስትስብ ጡጦ አብሮ ወጣ። ወዲያው ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። «ውሃ ነው ሲስተር፣ ጉሮሮው እንዳይደርቅ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። የያዘው ግን የዱቄት ወተት ነበር፤ ከክዳኑ ሥር ነጭ አረፋ ይታያል። ልጁን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ካርዱ ላይ ያለው መስመር ከወር ወር ሲወጣ የመጣ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር ነው። ጡጦውን ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነበር። ልጁን እዚህ ያደረሰው የራሷ ወተት መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ የነገራት ሰው አልነበረም። ማታ ማታ ሲያለቅስ ግን አማቷ «ልጄ፣ ርቦት ነው፤ ወተትሽ ቀጥኗል» ብለዋታል፣ ጎረቤቷም ብላታለች፣ ባሏም ዝም ብሏል። አማቷ ክፉ ሆነው አይደለም። የልጅ ልጃቸው ሲያለቅስ ማየት አልቻሉም።

«ወተቴ አልበቃው አለ» የሚለውን ከእናቶች አፍ በብዛት የምሰማው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሕፃን የሚያለቅሰው ሲርበው ብቻ አይደለም። በተለይ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ለቅሶው ይበረታል፤ ጥጋብም ረኃብም ሳይለይ ምሽት ላይ ያለቅሳል። አንዳንድ ሰሞን ደግሞ፣ ፈጠን ብሎ ሲያድግ፣ በየሰዓቱ ጡት ይላል። እናትየው «ባዶ ሆኜ ነው» ትላለች፤ እሱ ግን በመጥባቱ ለነገው ወተት እያዘዘ ነው። ጡት በተጠባ ቁጥር ያመርታል፤ ካልተጠባ ይቀንሳል። አንድ ጡጦ ሲገባ ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፣ አንድ ማጥባት ይዘለላል፣ የዚያን ያህል ወተት ሳይመረት ይቀራል። በሳምንቱ በእርግጥም ወተቱ አነስ ይልና የአማትየው ቃል እውነት ሆኖ ይገኛል። ጡጦው የተሰጠው ወተቱ አንሷል ተብሎ ነበር፤ አሁን ወተቱ ያነሰው በጡጦው ምክንያት ነው።

መብቃቱ የሚታወቀው በሚዛንና በሽንት ጨርቅ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ክብደቱም የሚጨምር ሕፃን ጠግቧል። ጡት ወተት ከመቶው 88 ያህሉ ውሃ ስለሆነ በአፋር ሙቀት እንኳ ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም። የአብሽ ውሃውም፣ ግራይፕ ዋተሩም፣ ስኳር በውሃውም ትንሿን ሆድ ይሞላሉ እንጂ አይመግቡም፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። የቆርቆሮ ወተቱ ዋጋ ሲከብድባት ቶሎ እንዳያልቅ የምታቀጥን እናትም አለች፤ ልጁ ጡጦውን ጨርሶም እየተራበ ነው።

አሁን ወደ ሥራ የተመለሰችውን እንያት። አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት ሰፈር ተነሥታ ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ ሴት ለመግቢያ ሰዓት ለመድረስ ሕፃኑን ገና ሳይነጋ አጥብታ ትወጣለች። አራት ሰዓት ላይ ጡቷ ይወጠራል። ስድስት ሰዓት ላይ ሸሚዟ ይረጥባል፣ በሻርፕ ትሸፍነዋለች። የማውቃት አንዲት ሴት ወተቷን የምታልበው መሥሪያ ቤቷ ሽንት ቤት ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ መቀርቀሪያ የሌለውን በር ይዛ ነበር። ያለበችው እጅ መታጠቢያው ውስጥ ይፈሳል፤ ማስቀመጫ የላትማ! ሞግዚቷ በዚያው ሰዓት ቤት ውስጥ የዱቄት ወተት እየበጠበጠች ነው። ይህችን ሴት «የጡት ወተት ጥቅም» የሚል ትምህርት ምን ይፈይድላታል? ጥቅሙን ታውቀዋለች። ዓይኗ እያየ የሚፈሰው እሱ ነው።

ገጠር ያለችውም ከዚህ አታመልጥም። የእሷ ፈቃድ ማብቂያ በደብዳቤ አይነገራትም፤ አጨዳ ሲደርስ፣ ማሰሮው ባዶ ሲሆን፣ የገበያው ቀን ሲመጣ ያበቃል። ልጅ አዝላ ትሄዳለች፤ መንገዱ ሲርቅና ፀሐዩ ሲበረታ ግን ለታላቅ እህቱ ትታው ትወጣለች። የስምንት ዓመት ልጅ የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ ከላም ወተት ሌላ ምን ታቅምሰው? እናትየው ራሷም እንደ አራስነቷ ጊዜ የሚያበላት የለም። ምግብ ያነሳት እናት አብዛኛውን ጊዜ ወተቷ አይቋረጥም፤ የሚያልቀው የራሷ ጉልበት ነው።

የጡት ጫፍ መሰንጠቅም ብዙዎችን ያስቆማል። አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው አያያዝ ነው፤ ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር መጉረስ አለበት። ይህን አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚያሳያት ሰው ከተገኘ በአንድ ቀን ለውጥ አለው። በተጨናነቀ ወረፋ መሐል ግን ማን ቁጭ ይላል?

እናቶችን የምንቆጣቸው ነገርም ይብቃ። ጡጦውን በነጠላ የሸፈነችብኝ ሴት የፈራችው ግልምጫ ነው። የምትደብቀንን እናት ልንረዳት አንችልም። ያለበቂ ምክንያት ጡት የምትነሳ እናት በሥራዬ አላጋጠመችኝም፤ ችግሩ ምክንያቷን ጊዜ ሰጥተን አለመስማታችን ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዟል። ያቋቋሙ አሉ፤ ማቆያ ባለበት መሥሪያ ቤት የምትሠራ እናት በሻይ ሰዓት ወርዳ አጥብታ ትመለሳለች። እኔ ፈቃዱ 180 ቀን እንዲሆን ከሚጠይቁት ወገን ነኝ፤ ምክሩ 6 ወር እያለ ፈቃዱ 3 ወር ሊሆን አይገባም። እስከዚያው ግን፣ ሴት ሠራተኛ ያላችሁ አሠሪዎች፣ ከውስጥ የሚቆለፍ አንድ ትንሽ ክፍል፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ፍሪጅ ስጡን። በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት ሞቃት ባልሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ሞግዚቷም ያለ ጡጦ በትንሽ ኩባያ ልታጠጣው ትችላለች።

ባሎች፣ ከክርስትናው በኋላ ያለውን ጊዜ እናንተ ያዙት። ማታ ልጁ ሲያለቅስ ተቀብላችሁ አዝላችሁ ተንጎራደዱ፣ እሷ የምትበላው ነገር አቅርቡላት፣ «አልጠገበም» የሚል ሰው ሲመጣም የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ መስመሩን አሳዩት። 4ኛና 5ኛ ወር ላይ ያላችሁ እናቶች፣ ቀጠሮ ባይኖራችሁም ኑና ልጃችሁን አስመዝኑ። ጡጦ ጀምራችሁም ከሆነ ይዛችሁት ኑ፤ ብዙ ጊዜ ወተቱ ይመለሳል፣ ደጋግሞ በማጥባት እንጀምራለን።