«እትዬ፣ ሌሊት የሚሰጡት እኮ እርስዎ ነዎት!»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእናንተ ለወጣት እናቶችና አባቶች ነው። አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። ልጄን ጡጦ አስጥዬ ኩባያ ለማስያዝ ስታገል ያጠፋሁትን ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው። «ጡጦ ደግሞ ምን ወግ አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ልጄ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቱን ሳጥበው ሳቅ ሲል ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ በሁለቱ ላይ፣ ድዱ ሥር፣ ቡናማ ነገር አየሁ። ምግብ መስሎኝ በጨርቅ ብጠርገው አልለቅ አለ። በጥፍሬ ብሞክረውም ያው ነው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ማን ላይ መሰላችሁ? ሠራተኛዬ ላይ! ቀን ቀን ልጁ የሚውለው ከእሷ ጋር ነዋ።

«ምንድነው የምታበይው? ከረሜላ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፤ ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀን መልስ ሰጥታኝ አታውቅም። የዚያን ዕለት ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እትዬ፣ እኔ ከረሜላ ሰጥቼው አላውቅም። ጡጦውንም ሲጨርስ እቀበለዋለሁ። ሌሊት የሚሰጡት፣ አፉ ውስጥ ትተውት የሚተኙት እኮ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ያናደደኝ ግን ድፍረቷ ሳይሆን እውነት መናገሯ ነበር።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። እኔ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ምንም አይቅመስ ይላሉ። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት! መሐል ላይ የተረፈውን ሦስት ወር የሞላልኝ ጡጦ ነው። ስለዚህ ጡጦን በደፈናው ላወግዝ አልተነሳሁም፤ ውለታ አለበኝ።

ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው። ከሜክሲኮ ገርጂ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፌ፣ ማታ አንድ ሰዓት ቤት ገብቼ፣ ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ ተነስቶ ማባበል ከየት ይምጣ? ጡጦውን አፉ ላይ ደቅኜ እኔም እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ዓመት ሞልቶት ከዱቄት ወተት ወደ ላም ወተት ስናዛውረው ደግሞ እምቢ አለ። ስኳር ጨመርኩበት። መጀመሪያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነበር፤ እያደር አንድ ሙሉ ሆነ። ይህን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም ነበር። ሠራተኛዬን «ስኳር ነው ወይ?» ብዬ ባልጠይቃት ምን ነበረበት አትሉኝም? ከረሜላ ብዬ ያለፍኩት ለካ ስኳሩ የእኔ መሆኑን ልቤ ስላወቀው ነው።

ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። የጥርስ ሐኪሟ ገና አፉን ስትከፍተው «ጡጦ ይዞ ነው የሚተኛው?» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት የታችኞቹን ጥርሶች አሳየችኝ፤ ነጭ ናቸው። ልጅ ሲጠባ ምላሱ የታችኞቹን ይሸፍናቸዋል፤ ወተቱ የሚያቁረው ከላይኞቹ ዙሪያ ነው። ሲተኛ ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል፤ አፉን የሚያጥብለት ነገር የለም። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያንን ጣፋጭ ወደ አሲድ ይለውጡትና ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ሲበሉ ያድራሉ። መጀመሪያ ድድ ሥር እንደ ጠመኔ የነጣ መስመር ይታያል አለች። እኔ እሱን አላየሁም፤ ያየሁት ከቡናማው ጀምሮ ነው።

«የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ይወልቅ የለ?» አልኳት። «ይወልቃል። ግን የፊቶቹ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመቱ፣ የኋለኞቹ እስከ አሥርና ከዚያም በላይ ያገለግሉታል። እስከዚያ በምን ይብላ? ሕመሙስ?» አለችኝ። አፌን ያዝኩ።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። የሕፃናት ሐኪሙ በቀን ስንት ጡጦ እንደሚጠጣ ጠየቀን። አምስት፤ እያንዳንዱ 240 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ሊትር ከ200! በዚህ ዕድሜ ከግማሽ ሊትር እስከ 700 ሚሊ ሊትር ቢሆን ይበቃዋል አለን። የላም ወተት የብረት ማዕድኑ ጥቂት ነው፤ ሆዱን ሞልቶት ምግብ ሲያስረሳው ደግሞ ልጁ ደም ያንሰዋል። ደሙ ሲታይ እንደተባለውም ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የአይረን ሽሮፕ ታዘዘለት። ስንት ወር ሙሉ «ልጄ ምግብ እምቢ አለኝ፣ እንቁላል ቢሉት፣ ሽሮ ቢሉት ዞር ይላል» እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳማርር፣ ለካ ልጁ ጠግቦ ነው!

ከዚያ መርካቶ ወርጄ ሁለት ጆሮ፣ ክዳንና መጥጫ አፍ ያለው የልጆች ኩባያ ገዛሁ። ልጁም ተቀብሎ አንዴ መጠጠና ግድግዳ ላይ ወረወረው። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ኋላ አንዲት ነርስ ጎረቤቴ ክዳኑን ከፍታ ከውስጡ ትንሽ ላስቲክ ነቀለችልኝ። እንዳይፈስ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ልጁ ግን ከጡጦው የበለጠ ካልሳበ ወተቱ አይመጣለትም። ላስቲኩ ሲወጣ ይንጠባጠባል፤ ይንጠባጠብ። መጠጣትን የሚማረው እየፈሰሰበት ነው።

ልጁን ከኩባያ ጋር ያስታረቀችው ግን አማቴ ናት። እሑድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሲኒ ውስጥ ሁለት ጉንጭ ያህል ውኃ ጠብ አድርጋ ከንፈሩ ላይ ያዘችለት። ጠጣ! ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ ሳቀና «ድገሚኝ» ብሎ አፉን ከፈተ። «ልጄ፣ ያ ሁሉ ብር ለምን ወጣ?» አለችኝ። ነርሷም ብትሆን ለጨቅላም ቢሆን ከጡጦ ይልቅ ስኒ ወይም ኩባያ ይመከራል፣ ለማጠብ ይቀላልና ብላኛለች። እኛ ቤት አሁን ሲኒው ለቤት፣ ክዳን ያለው ለመንገድ ሆኗል።

አጣጣሉን በተመለከተ እንደ እኔ እንደ እኔ በአንድ ቀን ሁሉንም አትንጠቁ። መጀመሪያ የቀትሩን ጡጦ አስቀረን፤ ልጁ ሲጫወት ስለሚውል ብዙም አላስታወሰው። ከአምስት ቀን በኋላ የጠዋቱን፣ ከዚያ የከሰዓቱን። ስኳሩን ከመጀመሪያው ቀን አቆምኩ። ከባዱ የሌሊቱ ነው። ወተቱን በየሁለት ሌሊቱ በውኃ እያቀጠንን ባዶ ውኃ እስኪሆን ወሰድነው። ባዶ ውኃ በሆነበት ሌሊት ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከሩብ አለቀሰ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ባለቤቴ «ስጪውና እንተኛ!» አለኝ። «ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሃል፤ ተነስና አንተ እዘለው» አልኩት። ተነስቶ አዘለው። ለነገሩ አባቱ ጀርባ ላይ ሲሆን ጡጦ አይጠይቅም፤ ከእኔ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ ወዲያ ሌሊት እሱ እንዲነሳ ተስማማን። በአራተኛው ሌሊት ልጁ የነጠላዬን ጥለት ጨብጦ እንቅልፍ ወሰደው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ክዳን ያለው ኩባያም ሁለተኛ ጡጦ እንዳይሆንባችሁ። ወተት ከማዕድ ጋር፣ በመሐል ውኃ ብቻ። ጁስ ወይ ጣፋጭ ሻይ ሞልታችሁ ይዞት ሲዞር ከዋለ የጥርሱ ነገር ያው ነው። መጥጫውንም እየፈታችሁ እጠቡ፤ እኔ የነቀልኩትን ላስቲክ ከሳምንት በኋላ ባየው ውስጡ ጥቁር ሻጋታ አውጥቶ ነበር። ደግሞ እንደ እኔ አትዘግዩ፤ ምግብ ከሚጀምርበት ከ6 ወሩ ጀምሮ ኩባያ ቢያስለምዱት፣ ዓመት ከሞላው በኋላ ጡጦውን ማስጣል ይህን ያህል ጦርነት አይሆንም።

ሠራተኛዬን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኛ። አንድ ማታ ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ፣ «የዚያን ቀን አላግባብ ነው የተናገርኩሽ፤ ስኳሩንም የምጨምረው እኔ ነበርኩ» አልኳት። «አውቃለሁ እትዬ፤ የስኳሩን ዕቃ የምሞላው እኔ አይደለሁ?» ብላኝ ማጠቧን ቀጠለች።

ሐኪሟ ጥርሶቹን ፍሎራይድ ቀብታለታለች፤ ባለፈው ሳምንት ስታየው ቡናማው አልሰፋም አለች። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያን ዕለትም ሠራተኛዬ አብራን ትሄዳለች፤ እሷ ካልያዘችው አፉን አይከፍትማ።