የዘገየችው ሸክላ

በልጅነቴ፣ በቤታችን በነበረችው አንዲት ሸክላ ላይ የሚያዜመው ሰው ዕድሜ የተጫነው፣ ሐዘን የጎበኘው ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። ድምፁ ወፍራም፣ ትንፋሹ ረጅም ነው፤ አጃቢዎቹ ሳክስፎኖች እንደ ደከመ መንገደኛ እግራቸውን ይጎትታሉ። አባቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው ውፍረትና በዚያው ዝግታ፣ አብሮት ያንጎራጉር ነበር።

ሸክላዋ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው ማሳተሚያ ከታተሙት ትንንሾቹ አንዷ ናት፤ በደቂቃ 45 ጊዜ እንድትዞር የተሠራች። ማጫወቻውን ግን የድሮው ሲሰበር አጎቴ ከአሜሪካ ይዞልን የመጣው ነው። 220 ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ስለነበረን ሁሉም ነገር የተስተካከለ መስሎን ኖርን።

አባቴ ካረፈ በኋላ ማጫወቻውን አጽድቼ ፍጥነቱን ልመረምር ተነሣሁ። ለዚህ የሚሆን፣ ዙሪያውን ጭረቶች በቀለበት በቀለበት የታተሙበት ክብ ወረቀት አለ። በአገራችን መብራት የሚሠራው የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት ዓይናችን ባያስተውለውም በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያ ብርሃን ሥር ፍጥነቱ ልክ ሲሆን ጭረቶቹ የቆሙ ይመስላሉ፤ ሲዘገይ ወደ ኋላ፣ ሲፈጥን ወደ ፊት ይሸሻሉ።

160 ጭረቶች ያሉበትን ቀለበት አየሁ። ዝንፍ ሳይል ቆሟል። ደስ አለኝ። ሆኖም ሰዓት ይዤ ዙሩን ስቆጥር በ2 ደቂቃ 90 ጊዜ መዞር የሚገባው ሳህን የዞረው 75 ጊዜ ብቻ ነው። ያ ቀለበት 60 ሄርዝ ለሆነው ለአሜሪካ መብራት የታተመ ነበር፤ የእኛ 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም፤ ሞተሩ ደግሞ የሚታዘዘው ለሄርዙ ነው። ሞተሩና መብራቱ ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ በመሆናቸው እኩል ዘገዩ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሊመሰክር አልቻለም። ለእኛ መብራት የታተመው ባለ 133 ጭረት ቀለበት ግን ወደ ኋላ ይሮጥ ነበር።

ከሞተሩ ዘንግ ላይ ቺንጋውን የምታሽከረክረውን ትንሽ መዘውር፣ በአንድ አምስተኛ በምትሰፋ ሌላ መዘውር ቶርኖ ቤት አስቀየርሁ። መርፌውን ባሳረፍሁ ጊዜ ሽማግሌው ጠፋ። በምትኩ አንድ ችኩል፣ ድምፁ የሚያበራ ጎረምሳ መጣ። ደነገጥሁ። ወደ አባቴ የሚያስገባኝን የመጨረሻ በር በገዛ እጄ የዘጋሁት መሰለኝ።

ማጫወቻውን ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እናቴ ከማጀት ብቅ አለች።

«ተወው፤ አትንካው» አለችኝ።

ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያም፣ «አባትህ የገዛው ጊዜ እንዲህ ነበር። ስንጨፍርበት ላብ በላብ እንሆን ነበር። ኋላ ዘፈኑ ቀዘቀዘብኝ፤ እኔ ደግሞ ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልሁ» አለች።

እኔ የማውቀው የሚያንጎራጉረውን አባቴን ብቻ ነበር። የሚጨፍረውን ያየሁት ያን ዕለት በእናቴ ፊት ላይ ነው።

አሮጌዋን መዘውር አልጣልኋትም፤ ሸክላዋ ማኅደር ውስጥ አስቀምጫታለሁ። እሑድ እሑድ የምንሰማው ግን እናቴ በምታውቀው ፍጥነት ነው።